ስለ ኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና የምስክር ወረቀት

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከኑሯችን የራቀ፣ የወታደርና የመሐንዲስ ብቻ ጉዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ጥቂት ብትታገሡኝ፣ ነገሩ በያንዳንዳችን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ እጃችን በየቀኑ የሚነካው፣ ልባችን ግን ያላሰበበት ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ። ርእሱም፣ የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና ለአገር መከላከያና ለመንግሥት ምስጢር የታመነ ነው ተብሎ የሚመሰከርለት እንዴት ነው? መስካሪውስ ማን ነው? የሚል ነው።

ነገሩን ከሩቅ አገር አልጀምርም፤ ከራሴ ሰፈር፣ ከገርጂ እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቤቴ የነበረው ኮምፒዩተር አልነሣ አለኝ። እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም በመሥሪያ ቤት ሳያልቅ የቀረውን ሥራ ወደ ቤት ይዞ የመሄድ ልማድ ነበረኝና፣ ነገሩ አስጨነቀኝ። ስለዚህ ማሽኑን ተሸክሜ ከመብራት ኃይል ብዙ ሳይርቅ ወደሚገኝ አንድ ትንሽ የጥገና ሱቅ ሄድሁ። ጠጋኙ ትሑትና ቀልጣፋ ወጣት ነበር። ፍላሽ ከኪሱ አውጥቶ «ጋሼ፣ አዲስ ዊንዶውስ እጭንልዎታለሁ፤ ለነገ ይደርሳል» አለኝ። እኔም ዋጋው ርካሽ መሆኑን ብቻ ተመለከትሁ እንጂ፣ በዚያ ፍላሽ ውስጥ ያለው ነገር ከየት እንደ መጣ፣ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ፣ ማንስ እንደ መረመረው አልጠየቅሁም።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በማሽኑ ውስጥ የነበረው ጽሑፍ ሁሉ ተቆለፈ። ገንዘብ ካልተከፈለ የማይከፈት መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያም በመስኮቱ ላይ ወጣ። ከተቆለፈውም መካከል የጡረታ ጥያቄ ያቀረቡ ሠራተኞች የአገልግሎት ዘመን ዝርዝር ይገኝ ነበር። ከነዚህም ሰዎች አንዱ ዕድሜያቸው የገፋ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ ነበሩ። ዝርዝሩ እንደገና እስኪዘጋጅ ድረስ ማስረጃቸውን ይዘው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ጊዜ ቁጣም ሳያሳዩ «ልጄ፣ ወረቀቴን ለማን ነበር አደራ የሰጠኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። በዚያ ወጣት ላይ ጥፋቱን አልጥልም፤ ለሽታው ወይም ለዋጋው ሳይሆን ለአደራው መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት እንደኔ ላለው ሰው ነው።

እንግዲህ የሽማግሌውን ጥያቄ ይዘን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ስናስቀምጥ አደራውን የምንሰጠው ለማን ነው? ለብረቱ አይደለም፤ ለመስታወቱም አይደለም። አደራ ተቀባዩ ሥርዓተ ክወና የሚባለው፣ በተለመደው አነጋገር ኦፕሬቲንግ ሲስተም የምንለው ነው። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ በእጅ ስልካችንም ላይ ያለው አንድሮይድ ሁሉ የዚህ ዓይነት ናቸው። ሥርዓተ ክወና በትልቅ ቤት እንደሚሾም አጋፋሪ ነው። ማሽኑ ሲበራ አስቀድሞ የሚነቃ እርሱ ነው፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚከለከል፣ የማንን ሰነድ ማን እንደሚያይ፣ የትኛው ፕሮግራም መቼ እንደሚሠራ የሚወስን እርሱ ነው። በየክፍሉ በር ላይ ብርቱ ዘበኛ ቢቆም እንኳ፣ አጋፋሪው ከጠላት ጋር የተስማማ ወይም እንቅልፋም ከሆነ የዘበኞቹ ድካም ከንቱ ነው። ስለዚህ መንግሥታት፣ ይልቁንም የጦር ሠራዊቶቻቸው፣ ይህ አጋፋሪ ሳይመረመር ወደ ቤታቸው እንዳይገባ ሕግ አወጡ።

የሚመረመረውም በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከሌሎች ጋር ተግባብቶ መሥራቱ ነው፤ ሁለተኛው ምስጢርን መጠበቁ ነው። ሁለቱን አንድ በአንድ እንመልከት።

ተግባብቶ መሥራት ምን ማለት እንደ ሆነ የኛ ታሪክ ጥሩ አድርጎ ያስተምረናል። በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ በዘመተ ጊዜ የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነበር። የወታደሮቻችን ጀግንነት የታወቀ ነው። ነገር ግን ከሌላ አገር ጦር ጋር በአንድ ግንባር ለሚዋጋ ሠራዊት ጀግንነት ብቻ አይበቃም። ጥይቱ ከጠመንጃው ጋር መስማማት፣ ሬዲዮው ከጎረቤት ሬዲዮ ጋር መነጋገር፣ የካርታው ቁጥር ከመድፈኛው ካርታ ጋር አንድ መሆን አለበት። ይህ ባይሆን የወገን መድፍ ወገንን ይመታል። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የጦር መሣሪያ ምንጯን ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ኅብረት በለወጠች ጊዜ፣ የቀድሞው የአሜሪካ ጠመንጃ ጥይት በካላሽንኮቭ የማይጎርስ ሆነ። አንዱን መሣሪያ መለወጥ ማለት ጥይቱንም፣ መለዋወጫውንም፣ ሥልጠናውንም መለወጥ ማለት መሆኑን ያን ጊዜ በግልጽ አየነው።

ይኸው ነገር በኮምፒዩተርም ደርሶብናል፤ በደረሰም ጊዜ የተቸገርነው እኛው የጽሕፈት ቤት ሰዎች ነበርን። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት የአማርኛ መጻፊያዎች በየፊናቸው ይሠሩበት የነበረበትን ዘመን ታስታውሳላችሁ። አንዱ መሥሪያ ቤት «ጉዳዩ፦» ብሎ የጻፈው ደብዳቤ፣ በሌላው መሥሪያ ቤት ማሽን ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ሆኖ ይገኝ ነበር። እያንዳንዱ ሠሪ ለፊደሎቻችን የራሱን ቁጥር ሰጥቶ ነበርና ነው። ይህ መደናገር መፍትሔ ማግኘት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መመዘኛ፣ በ3.0 እትሙ ለግዕዝ ፊደል አንድ የታወቀ ቦታ ከሰጠ በኋላ ነው። ለሀ አንድ ቁጥር፣ ለለ አንድ ቁጥር ተወሰነ፤ ከዚያ ወዲያ በጎንደር የተጻፈ በዋሽንግተን ይነበባል። እንግዲህ መመዘኛ ማለት ይህ ነው፤ ሠሪዎቹ ብዙ፣ ቋንቋው ግን አንድ።

ለሥርዓተ ክወናም እንዲሁ ተደረገ። ዩኒክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና በልዩ ልዩ ኩባንያዎች እጅ ተለያይቶ፣ ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ አልሠራ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ፖሲክስ የሚባል መመዘኛ ወጣ። የአሜሪካ መንግሥትም በዚያው ዓመት ይህን መመዘኛ የመንግሥት ግዥ መለኪያ አደረገው። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የመንግሥት ገንዘብ ትልቅ ገበያ ነውና፣ ኩባንያዎቹ ሳይወዱ በግድ ወደ አንድ ቋንቋ ተሰበሰቡ፤ ማይክሮሶፍት እንኳ በዊንዶውስ ኤንቲ ውስጥ የፖሲክስ ክፍል አስገባ። የጫራታ ሰነድ የሚያዘጋጅ አንድ ጸሐፊ በብዕሩ ጫፍ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ አስተውሉ። ከዚህም ሌላ በአሪዞና ግዛት በፎርት ሁአቹካ የሚገኝ አንድ የአሜሪካ ጦር የፈተና ክፍል፣ ለሠራዊቱ የሚገዙ የመገናኛና የኮምፒዩተር ሥርዓቶች እርስ በርሳቸው መግባባታቸውን እየፈተነ ያረጋግጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ ድሩ ማበሩን የሚፈትን ሰው አስፈለገ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ምስጢር ጥበቃው እንሻገር።

እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1985ም አሻሽሎ አጸናው። ሽፋኑ ብርቱካንማ ስለ ነበር የብርቱካን መጽሐፍ ተባለ። መጽሐፉ ኮምፒዩተሮችን ከታች ወደ ላይ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ ብሎ በደረጃ ከፈላቸው። ዲ ማለት ተመርምሮ መስፈርቱን ያላሟላ ነው፤ ሲ ማለት የያንዳንዱን ሰው ማንነት የሚለይና የሚሠራውን የሚመዘግብ ነው፤ ቢ ማለት ጽሑፉን ምስጢር፣ ብርቱ ምስጢር እያለ ምልክት አድርጎ የሚጠብቅ ነው፤ ኤ ግን አሠራሩ በሒሳብ ማስረጃ የተረጋገጠ ነው። ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ሆላንድና እንግሊዝም ተባብረው እ.ኤ.አ. በ1991 ለአውሮፓ የሚሆን የራሳቸውን መመዘኛ አጸኑ። ነገር ግን አንድ ሠሪ ለያንዳንዱ አገር ልዩ ፈተና መቀመጥ ስለ ከበደው፣ አሜሪካኖች፣ ካናዳውያንና እነዚሁ የአውሮፓ አገሮች ተሰብስበው የጋራ መመዘኛ የሚባለውን፣ ኮመን ክራይቴሪያን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1999ም የዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት በቁጥር 15408 ተቀበለው።

በዚህ የጋራ መመዘኛ የምርመራው ጥልቀት ከ1 እስከ 7 ባለው ደረጃ ይለካል። በ1ኛው ደረጃ ዕቃው እንደ ተባለው መሥራቱ ብቻ ይፈተናል። በ4ኛው ደረጃ ንድፉም ይመረመራል፤ መርማሪዎቹም ራሳቸው ሰብረው ለመግባት ይሞክራሉ። በ7ኛው ደረጃ ንድፉ በሒሳብ ይረጋገጣል። በገበያ የሚሸጡት ታላላቅ ሥርዓተ ክወናዎች ብዙ ጊዜ የደረሱት እስከ 4ኛው ነው። ዊንዶውስ 2000 እ.ኤ.አ. በ2002፣ ሬድ ሃት ሊኑክስ 5 ደግሞ በ2007 ወደዚህ ደረጃ ደርሰዋል። ኢንተግሪቲ 178ቢ የተባለው፣ ኤፍ 35ን በመሰሉ የጦር አውሮፕላኖች የሚሠራበት ሥርዓተ ክወና ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ከ6ኛው ደረጃ አልፎ ተመሰከረለት።

ሆኖም፣ ወገኖቼ፣ በዚህ ስፍራ ቆም ብለን ማስተዋል ይገባናል። የምስክር ወረቀት አለ ማለት ሥጋት የለም ማለት አይደለም። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1995 ዊንዶውስ ኤንቲ 3.5 በብርቱካኑ መጽሐፍ ሲ2 የተባለውን ደረጃ አገኘ። የዚያን ጊዜ ገዢ ሁሉ ደስ አለው። ነገር ግን የምርመራውን ዝርዝር ያነበበ ሰው፣ የተፈተነው ማሽን ከምንም መረብ ጋር ያልተገናኘ ብቸኛ ማሽን መሆኑን አየ። ገዢዎቹ ግን ማሽኑን በገዙበት ቀን ከመረብ ጋር ያያይዙት ነበር። ወረቀቱ እውነት ተናግሯል፤ ያላነበበው ገዢው ነው። ይህም በቅሎን በሜዳ አስፈትኖ በገደል እንደ መጫን ያለ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 የሆነ ነው። ዮርክታውን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በዊንዶውስ ኤንቲ በሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ትመራ ነበር። አንድ መርከበኛ በአንድ መመዝገቢያ ውስጥ ዜሮ ቁጥር አስገባ፤ ፕሮግራሙም ሌላውን ቁጥር በዜሮ ለማካፈል ሲሞክር ተሰናከለ፤ መሰናክሉ ከማሽን ወደ ማሽን ተላልፎ የመርከቢቱ ሞተር ቆመ። ያች ታላቅ መርከብ በባሕር ላይ ለሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ያለ ኃይል ቆመች። ጥፋቱ የሥርዓተ ክወናው ነው ወይስ በላዩ የተሠራው ፕሮግራም? የሚል ብዙ ክርክር ተነሥቷል። ለኛ ግን ትምህርቱ አንድ ነው፤ ክፍሎቹ ለየብቻ ቢፈተኑም፣ ተገጣጥመው ካልተፈተኑ ፈተናው ገና አላለቀም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በአገራችን የተቋቋመው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 808/2006 እንደገና ተደራጅቷል። የጋራ መመዘኛውን የምስክር ወረቀት እርስ በርስ ለመቀበል በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ኢትዮጵያ በዚሁ መሥሪያ ቤት አማካይነት አባል ናት። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ልናውቀውና ልንጠቀምበት የሚገባ ነገር ነው። ነገር ግን ስምምነቱ አባሎቹን በሁለት ወገን ይከፍላል። አንደኛው ወገን በአገሩ ቤተ ሙከራ አስመርምሮ ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛው ሌላው የሰጠውን የሚቀበል ነው። አሜሪካ፣ ጀርመን፣ ጃፓን፣ ህንድና ማሌዥያ ከሰጪዎቹ ወገን ናቸው፤ እኛ ያለነው ከተቀባዮቹ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በተሻሻለው ስምምነት ደግሞ፣ አባሎቹ በጋራ ለየዕቃው ዓይነት በጻፉት መመዘኛ የተመረመረ ካልሆነ በቀር፣ እርስ በርስ መቀበል ግዴታ የሚሆነው እስከ 2ኛው ደረጃ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን እያንዳንዱ አገር ራሱ እንዲያስብበት ተትቷል።

የሌላውን ምስክርነት መቀበል ነውር አይደለም። በየዳኝነቱ አደባባይ የሰው ቃል እየሰማን እንፈርዳለን። ግን አስተዋይ ዳኛ ምስክሩን «አንተ የማን ወገን ነህ? በዐይንህ አየህ ወይስ ሰማህ?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ አስፈላጊነት ማስረጃ ከአዲስ አበባ አንወጣም። ቻይና ሠርታ ያበረከተችውና በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ውስጥ ካሉ ኮምፒዩተሮች፣ በየሌሊቱ ከእኩለ ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ መረጃ ወደ ሻንግሃይ ይተላለፍ ነበር ሲል ለሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በጥር 2010 ዓ.ም. ጻፈ። ቻይናም የኅብረቱም ባለሥልጣኖች ነገሩ ሐሰት ነው ብለው አስተባብለዋል። እኔ በዚህ ክርክር ፈራጅ አልሆንም። የምለው ግን ይህ ነው፤ ዕቃው ሲገባ በገለልተኛ መርማሪ ተፈትኖ ወረቀቱ በመዝገብ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ፣ ለከሳሹም ለተከሳሹም መልስ የሚሆን ማስረጃ በእጅ በተገኘ ነበር። ያልተመረመረ ዕቃ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ንጽሕናውን የሚያስረዳበት መንገድ የለውም።

ስለ መከላከያ ሠራዊታችን መሣሪያ ዝርዝር መናገር የኔ ሥራ አይደለም፤ የሬዲዮም ቦታ አይደለም። ነገር ግን የሠራዊቱ ምስጢር በሠራዊቱ ግቢ ብቻ የሚኖር አይምሰላችሁ። የስንቁ ግዥ በአንድ መሥሪያ ቤት ይጻፋል፤ የነዳጁ ሒሳብ በሌላው ይመዘገባል፤ የወታደሩ የጡረታ ወረቀት፣ የቤተሰቡ አድራሻ በሦስተኛው ይቀመጣል። ጠላት በግንባር በር መግባት ቢያቅተው በኛ መስኮት ይገባል። ስለዚህ ከናንተ ከመንግሥት ሠራተኞች የሚፈለገው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ፣ የግዥ ሰነድ የምታዘጋጁ ሁሉ «ጥሩ ኮምፒዩተር» ብላችሁ አትጻፉ። ሥርዓተ ክወናው በጋራ መመዘኛው የተመሰከረለት እንዲሆን፣ የአማርኛውም ጽሑፍ በዩኒኮድ እንዲሆን በግልጽ ጻፉ። የፖሲክስን ታሪክ አስታውሱ፤ ገዢ የማይጠይቀውን ሻጭ አያመጣም።

ሁለተኛ፣ ሻጩ ወረቀት ሲያቀርብላችሁ ማኅተሙን ብቻ አትዩ። የትኛው እትም ነው የተመረመረው? በምን ሁኔታ? ከመረብ ጋር ተገናኝቶ ነው ወይስ ብቻውን? መቼ? ብላችሁ ጠይቁ። የተመሰከረላቸው ዕቃዎች ዝርዝር ለሁሉ ግልጽ ሆኖ የወጣ ነው፤ አምስት ዓመት ያለፈውም ወረቀት ካልታደሰ በቀር ከዝርዝሩ ተነሥቶ ወደ ድሮው መዝገብ ይዛወራል። አሮጌ ወረቀት አዲስ በር አይጠብቅም።

ሦስተኛ፣ ከተገዛ በኋላ ያለውን አትርሱ። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ይህ ሥርዓት ዛሬም ያለበት ማሽን ከፊታችሁ ካለ፣ አጋፋሪው ጡረታ ወጥቶ በሩ ክፍት እንደ ቀረ ቁጠሩት፤ ለባለሙያውም ዛሬውኑ አመልክቱ። ደግሞም የተመሰከረለት ሥርዓት ቢሆን፣ የማያስፈልገው አገልግሎት ሁሉ ካልተዘጋና የይለፍ ቃሉ በጠረጴዛ ላይ ተጽፎ ከተለጠፈ ምስክርነቱ ከንቱ ነው። የአሜሪካ ጦር ለያንዳንዱ ሥርዓተ ክወና ምኑ እንደሚዘጋና ምኑ እንደሚከፈት ዝርዝር መመሪያ ጽፎ የሚያወጣው ስለዚህ ነው።

አራተኛና የመጨረሻው፣ እንደኔ አትሁኑ። ምንጩ ያልታወቀ ቅጅ በመሥሪያ ቤትም ሆነ የመሥሪያ ቤት ሥራ በሚሠራበት የቤት ማሽን ላይ አታስጭኑ።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው። አንድን ሥርዓተ ክወና ማስመርመር ብዙ ወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ ወጪውም ከባድ ነው። እኛ ግን ለጊዜው የሚጠበቅብን የሌሎችን ድካም አንብቦ መጠቀም ነው፤ ይህም ዋጋው የንባብ ትጋት ብቻ ነው። ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነው ሊኑክስም ለድሃ አገር የተከፈተ መንገድ ነው፤ ወጣቶቻችን ውስጡን ከፍተው መመርመር ይችላሉና። ዛሬ የተቀባይነቱን ሥራ በትጋት ከሠራን፣ ነገ የራሳችን ቤተ ሙከራ ቆሞ፣ የራሳችን ልጆች መርምረው፣ ሌላው አገር የኛን ማኅተም የሚቀበልበት ቀን ይመጣል። ህንድና ማሌዥያም ከሰጪዎቹ ወገን የደረሱት ቀስ በቀስ ነው።

ያን ሽማግሌ ከጥቂት ወራት በኋላ በገርጂ ጊዮርጊስ በር ላይ አገኘኋቸው። ጡረታቸው ተከብሮላቸው ነበር። እጅ ነሥቼ ይቅርታ ብጠይቃቸው «እኔስ ዳንሁ፤ ለሚቀጥለው ሰው ተጠንቀቅ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት ያንን የተቀበልሁትን አደራ ለናንተ ለማድረስ ነው። ነገ ጠዋት ቢሮ ገብታችሁ ማሽናችሁን ስታበሩ፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የርሳቸውን ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፤ የሕዝቡን ወረቀት ለማን ነው አደራ የሰጠሁት?